ሳይጠሩት አቤት

በባልቲክ ባሕር ዳር፣ በክላይፔዳ ወደብ፣
ሌሊቱ ሲጋመስ፣ በረዶው ሲደረብ፣
ዳንጉዎሌ ብቻዋን ከስክሪኑ ፊት ናት፣
ሻይዋ ከነሎሚው በብርጭቆ ቀዝቅዞባት።

ስልኩ በከተማው ተቆራርጦ ውሎ
«አልመጣም» ያለ ሰው ይደርሳል «…መጣ…» ብሎ።
በዚች በተረፈች፣ በቁራጯ ቃል
ስንት ቤት ዛሬ ማታ ሁለት ሳህን ይዘረጋል?

ጥፋቱ የበሩ ነው። በር ካሉት በር ነው፤
ሳንቃ የለው፣ መቀርቀሪያ፣ በስም ብቻ የቆመው።
በአንድ ብረት ሆድ ውስጥ ሰባት ማሽን አለ፣
ሰባቱም «ቤቱ የኔ፣ በሩም የኔ» እያለ።

በረኛው ደግ ነበር፤ የጠሪ አክባሪ።
ደወል ሲሰማ ይነሳል፣ የያዘውን ጥሎ፣
ያቆመበትን ምልክት አድርጎ፣ እሽጉን ተቀብሎ፣
ሊቀመጥ ጎንበስ ሲል —
ደወል።
ደግሞ ሊቀመጥ ሲል —
ደወል።
በሰከንድ መቶ ሺህ ጊዜ ከወንበሩ የተነሳ፣
ጉልበቱ በመነሳት አልቆ፣ እሽጉን እንዴት ያንሳ?
ያላነሳው ይወድቃል። የወደቀው ድምፅ ነው፤
«አል» ነው። «ም» ነው።

ለበረኛ ሦስት ጠባይ አለ።
አንደኛው ይኸው ነው፣ እስኪጠሩት የሚጠብቅ፤
ሁለተኛው ደጅ ጠኚ፣ እንቅልፍን የማያውቅ፣
ጌታው ቤት ባይኖርም ደጁን የሚጠና፣
«መጣ? መጣ? መጣ?» የሚል ገና በገና፣
ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት፤
ሦስተኛው እንደ ሁኔታው፣ ሲበዛ የሚተጋ፣ ሲሳሳ የሚያንቀላፋ፤
ዳንጉዎሌ አትወደውም፦ ዐይኑን እስኪያሽ ስንት ቃል ጠፋ!

ለሌሎቹ በሮች የጠሪ አክባሪውን ተወች፤
ለድምፁ በር ግን ደጅ ጠኚውን መረጠች።
ሁለት ኮር ከሌላው ሥራ ለይታ አጠረች፣
ከሜሞሪው ሰፊ ሰፊ ገጽ ቆርጣ ሰጠች፣
ካርዱን ከከርነሉ እጅ ነጥላ አወጣች፣
እዚህ ላይ ነው የሳተች።
በአንድ ፈንታ ዜሮ። ጣት ናትና ደከመች።
የገባችበትን በር ከውስጥ ሆና ነቀለች።

ጠቋሚው ብልጭታውን ትቶ ደረቀ።
ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ ከጣት የወጣ ግን ገደል ዘለቀ።
ብትጠራው፣ ብትጠራው፣ አቤት የሚል ጠፋ፤
ወጣች በበረዶው፣ ኪቦርድ በካፖርቷ ሥር አቅፋ።

የማሽኖቹ አዳራሽ ከመርከብ ጥገናው ማዶ ነው።
ለማንኳኳት እጇን ስታነሳ፣ በሩን ቀድሞ የከፈተው
ሽማግሌው ዚግማስ፣ የሌሊት ዘበኛው።
«መምጣቴን ማን ነገረህ?»
«ማንም። በየደቂቃው አያለሁ።
ድልድይ አዟሪ ሳለሁ፣
በእጄ እየገፋሁ መንገድ ስከፍት ለጀልባ፣
የምጠብቀው ጡሩምባ፣ የማምነው ጡሩምባ።
አንድ ጭጋጋም ሌሊት፣ ያለ ጡሩምባ መጡ፣
ሁለት ወንድማማቾች።»
ከዚያ ወዲያ ዝም አለ።
ጫማዋን የምትጠርግበትን ጨርቅ አቀበላት።

በብረቱ ፊት ተንበርክካ፣ በቀዘቀዘ ጣት
የነቀለችውን በር መለሰች፤ ለደጅ ጠኚው የራሱን ለየችለት።
ቆመ። ሁለቱ ኮር፣ አንድም እንግዳ ሳይመጣ፣
መቶ በመቶ ጋሉ።

ሲነጋ አለቃዋ ማንትቪዳስ ደወለ፦
«ሌሊቱን ሙሉ ማንም ሳያወራ፣ ይህን ሁሉ መብራት ምን በላው?» አለ።
«ጥበቃ።»
«ጥበቃ ምን ይሠራል?»
«እሱን» አለች የካፖርቷን ቁልፍ እየቆለፈች፣
«ዚግማስን ጠይቀው።»

ማታ፣ ከባሕሩ ላይ የደወለ አንድ ሰው
«አልመጣም» አለ፤
ከነ«አል»ው፣ ከነ«ም»ው፣ ሳይሸራረፍ ደረሰ።
አንዲት ሴት ከጠረጴዛው ላይ
አንዱን ሳህን አነሳች።